እማዬ ምን ትበላለች?

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኮከብ ጥሩነህ፤

በመካከላችን ያለውን ባሕርና ተራራ ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእናትሽ አምላክ ከብርድ፣ ከክፉ ሰውና ከከንቱ ሐሳብ ይጠብቅሽ። እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ይቆረጥመኛል፤ እሱም የዕድሜ ነገር ስለሆነ አቤቱታ የለኝም።

ስለ እናትሽ ግን ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ። ትምህርትሽ እንዳይበጠበጥ ብዬ ነው። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ እትዬ እኔ ዘንድ ናት። ደጀን እያለች አንድ ጠዋት ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፣ አፏም ጠመም አለ። ጎረቤቶቿ ጠበል ወስደዋት ነበር፤ እኔ ስሰማ በአውቶቡስ ሄጄ አመጣኋትና እዚህ ሆስፒታል አስተኛኋት። አሁን አፏ ተመልሷል፣ እጇም ሰፌድ ያነሳል። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። በልጅነቷ የያዛት ቁርጥማት የልቧን በር አበላሽቶት ኖሮ ደሟ እዚያ እየረጋ ቅንጣቱ ወደ ጭንቅላቷ ሄደ አለን። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን ኪኒን አዘዘላት፤ በቀን አንድ፣ ዕድሜ ልክ። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ የምውል ሰው «ዕድሜ ልክ» ሲል ክው አልኩ። በየወሩ ደሟን ይቀዱና ለመርጋት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይለካሉ። ከልክ በላይ ከቀጠነ ትደማለች፣ ከወፈረ ያው በሽታ ይመለሳል።

ሐኪሙ የሚናገረውን መገርሳ የሚባል የሆስፒታሉ ድሬሰር ይተረጉምልናል። «ምግቧ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ ሰሞን ይህን፣ ሌላ ሰሞን ያንን አይሁን። ይህን መድኃኒት እየወሰደች ጾም የሚባል ነገር የለም» አለ። እትዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ፈጠን ብዬ «እሺ ጌታዬ፣ እንደ ትእዛዝዎ» አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የባለጉዳይ አቤቱታና ራፖር ስጽፍ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ባለሥልጣኑ መስማት የሚፈልገውን አሳምሮ የነገረ ሰው ጉዳዩ ቶሎ እንደሚያልቅለት ነው።

ኪኒኑ እዚህ መድኃኒት ቤት አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። ስሙ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መድኃኒት ቅመማ ልትማሪ የሄድሽ ልጅ ነሽና ከዚያ ብትልኪልን ትልቅ ውለታ ነው። እትዬ ግንባርሽን ትስማለች። «ከስታ እንደሆነ ሳትደብቅ ትጻፍልኝ» ብላለች።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዛግሬብ
የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንድይፍራው፤

ከመልካም ወሬ በቀር ደጅዎን የሚያንኳኳ እንዳይኖር እየተመኘሁ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ትራም ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው። ሁለት ትራም አለፈኝ። ጋሼ፣ እማዬ እጇ ከድቷት ሆስፒታል ስትተኛ እኔ እዚህ በረዶ እያየሁ እስቅ ነበር። ለትምህርቴ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ከእንግዲህ ግን ምንም እንዳይደብቁኝ በእማዬ ይዤዎታለሁ።

መቶ ሃምሳ ኪኒን ትምህርቱን ጨርሶ በሚመለሰው በተክለሃይማኖት እጅ ልኬያለሁ። ጥንካሬው ሐኪሙ ከጻፈው ጋር አንድ ነው፤ ከወረቀቱ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያይቻለሁ።

ይህ ኪኒን ጠባየ ክፉ ነው። ስለ እሱ የተማርነው ገና ባለፈው ወር ነበር፤ እኔም ለፈተና ብዬ ነው የያዝኩት፣ ለእናቴ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አስፕሪን ከእሱ ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። ሁለቱ ከተገናኙ ደም አይቆምም። ሌላው ምግብ ነው። ጎመንና ማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል የኪኒኑን ኃይል ያደክመዋል። ጎመን ትተው ማለቴ አይደለም፤ ብትበላ ምንም አይደለም፣ ግን ሁልጊዜ ያው መጠን መሆን አለበት። ሐኪሙ ኪኒኑን የሚመጥነው እሷ ከምትበላው ጋር እያስተያየ ነው። አንድ ሰሞን በየቀኑ በልታ በአንድ ጊዜ ብትተወው ልኩ ይፈርሳል።

ስለዚህ እባክዎ ይጻፉልኝ፣ እማዬ ምን ትበላለች? በየቀኑ ጎመን አለ? ደግሞ ሁዳዴ እየገባ ነው። እማዬን አውቃታለሁ። የምትጾም ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

እማዬን አልከሳሁም ይበሉልኝ። ጉልበቷን እስማለሁ።

ልጅዎ ኮከብ


ኮልፌ ቀራንዮ
መጋቢት 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለኮከብ፤

ሰላምና ጤና ከላይ ከባለቤቱ ይዘዝልሽ። መጽሐፍሽ ይገለጥልሽ።

ኪኒኑ በአምስተኛው ቀን እጃችን ገብቷል። ተክለሃይማኖት ጨዋ ልጅ ነው፤ ሻይ እንኳ አልጠጣም ብሎ ሄደ። እናትሽ ብልቃጡን ስማ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። የእኔ ልጅ እጅ ነክቶታል ትላለች።

በዚህ ወር ምርመራ ደሟ ወፍሯል ተባለ። ኪኒኑን አንድ ተኩል አደረጉላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያዩት አሁንም እንደወፈረ ነው፤ ሁለት አደረጉት። ሐኪሙ ግራ ገብቶታል። በመገርሳ በኩል «ምግቧ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? እየጾመች ነው?» አለኝ። «የለም ጌታዬ፤ አትጾምም፤ ምግቧም እንደ ወትሮው ነው» ብዬ መለስኩ። መገርሳ አየት አደረገኝና ተረጎመ።

ስለ ጎመን የጻፍሽው ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፍቶኛል። ለእትዬ ሳነብላት እዚያ ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ወንድይፍራው እህቱን ከጎጃም አምጥቶ ቅጠል ያበላታል ማለትሽ ነው? ያንቺ አስተማሪዎች ስለ አገራችን ምን እንደሚነግሩሽ አላውቅም። ከቤቴ ቅቤ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሥጋም በየሳምንቱ ይገባል። አዎ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጉዲቱ ወንዙ ዳር ካለው ጓሮዋ አንዳንድ ቀን እቅፍ ጎመን ታመጣለች። የጎረቤት እጅ አይመለስምና እንቀበላለን። ከዚህ ያለፈ ጎመን በቤታችን የለም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳትጽፊልኝ። አጎትሽ ድሃ ነው፤ ድህነቱን ግን በአየር ፖስታ አይልክም።

እናትሽ ደህና ናት። ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔን ትቆጣለች። ከቁጣዋ ጤንነቷን አውቃለሁ።

አጎትሽ


ዛግሬብ
ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወንድይፍራው፤

ይህ ደብዳቤ ከፋሲካ በፊት ይድረስዎ ወይም በኋላ አላውቅም። ለማንኛውም በዓሉ ሦስታችሁንም፣ እርስዎን፣ እማዬንና ወይዘሮ ጉዲቱን፣ በጤና ያግኛችሁ።

ያስቀየምኩዎት እንደሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤትዎን ለመናቅ አልነበረም። እኔ ያደግሁት እርስዎ በላኩት ደብተር ነው፤ እንዴት እንቅዎታለሁ? ጥያቄው የመድኃኒት ጥያቄ ነበር። መልስ ስላገኘሁ ከእንግዲህ አላነሳውም።

ግን የኪኒኑ ነገር አስጨንቆኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአንድ ወደ ሁለት መድረስ ትንሽ ነገር አይደለም። ደብዳቤዎን ይዤ አስተማሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ተማሪ ሲጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ነው የሚያደምጡት። ሁሉን ተረጎምኩላቸው። «ምግቧ በእርግጥ አልተለወጠም?» አሉኝ። «አልተለወጠም፣ አጎቴ ጽፎልኛል» አልኩ። «አትጾምም?» አሉ። «አትጾምም» አልኩ። «እንግዲያስ ኪኒኑን አትውጠውም» አሉ። በሽተኛ አዛውንቶች ኪኒን መትፋታቸው የተለመደ ነው ብለው ነገሩኝ።

እኔም አመንኳቸው፤ እማዬን አውቃታለኋ። በልጅነቴ ኮሶ ስትሰጠኝ የራሷን ድርሻ ጓሮ ስትደፋ አይቻታለሁ። ስለዚህ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ኪኒኑን ራስዎ በእጅዎ ይስጧት። እስክትውጥ ድረስ አጠገቧ ይቁሙ። ሁለት ከታዘዘ ሁለቱንም፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ይህን ካደረጉልኝ እኔ እዚህ እተኛለሁ።

ልጅዎ ኮከብ


ኮልፌ ቀራንዮ
ግንቦት 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለኮከብ፤

ክርስቶስ ተንሥአ። የትንሣኤው ብርሃን ያለሽበት ድረስ መጥቶ ይሙቅሽ።

ደብዳቤሽ በፋሲካ ማግስት ደረሰኝ። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ እኔም ቁጣዬ ከአፍ አያልፍም። ዘንድሮ በዓሉን ያሳለፍነው እንደ ትልቅ ሰው ነው። በግ አረድን። ጉዲቱና ባሏ ባጫ መጥተው አብረን በላን። እትዬን ብታያት ደስ ይልሽ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጎመንና ሽሮ ያሰለቻት አፍ ቅቤውን ሲያገኝ ዓይኗ በራ። «ከእንግዲህስ እስከ ጰራቅሊጦስ ጎመን የሚባል ደጄ አይድረስ» ብላ ጉዲቱን ሳይቀር አሳቀቻት። ይኸው እስከ ዛሬ ወጥ፣ አይብ፣ እርጎ ነው። ምን ልደብቅሽ፣ ጾማ ነበር። ያን ጊዜ ያልነገርኩሽ በሐሳብ እንዳትንገላቺ ብዬ ነው። አሁን ጾሙም አለፈ፣ እሷም ደህና ናት፤ ነገሩ ተዘግቷል።

ኪኒኑን እንዳልሽው በእጄ ነው የምሰጣት። ሁለት፣ በየቀኑ፣ ስትውጥ እያየሁ። አንድ ቀን አልዘለልኩም። ትቆጣኛለች፤ «ወታደር ሆንክብኝ» ትለኛለች።

ሰሞኑን ራሷን ያማታል። የበዓል ሥጋ ነው መሰለኝ። አስፕሪን እንዳትሰጡ ስላልሽ አልሰጠኋትም፤ በሠፈራችን ካለው ከበዛብህ ሱቅ የራስ ምታት ኪኒን ነው የገዛሁላት። ከጠርሙስ ውስጥ እየቆጠረ የሚሸጠው ነጩ ነው። አስፕሪን ነው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ «የራስ ምታት ነው፣ ሁሉም ሰው ይወስደዋል» አለኝ። ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል፤ ክንዷና ጭኗም ሳይመታት በልዟል። በርጩማው መትቶኝ ይሆናል ትላለች። አንድ ቀንም ነስር ነሰራት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ግንባሯ ላይ ሳደርግ ቆመ። ሐኪሙ ዕረፍት ስለወጣ ቀጠሮዋ ለግንቦት 20 ተላልፏል፤ ያን ጊዜ እናሳያለን።

ኪኒኑ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያደርሰናል። ሌላ መቶ ሃምሳ ብትልኪልን መልካም ነው።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ቴሌግራም
ከዛግሬብ፣ ግንቦት 18 ቀን 1965 ዓ.ም.

እማዬን አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ቀጠሮ አትጠብቁ። ኪኒኑን አቁሙ። የሱቁ ኪኒን አስፕሪን ነው አቁሙ። ጾማ እንደነበረ ለሐኪም ንገሩ። ኮከብ።


ዛግሬብ
ግንቦት 18 ቀን 1965 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ዛሬ ሰላምታ አላሳምርም፣ ይቅር ይበሉኝ። ቴሌግራሙ ቀድሞ ይደርስዎታል። ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ እንዲገባዎ ነው።

በጾሙ ወራት እማዬ በየቀኑ ጎመን በላች። ጎመኑ ኪኒኑን አደከመው፣ ደሟ ወፈረ። ሐኪሙ ጎመኑን አያውቅም፤ ስለዚህ ጎመኑን የሚያሸንፍ ያህል ኪኒን ሰጣት። ከዚያ ፋሲካ ሆነ፣ ጎመኑ በአንድ ቀን ቆመ። ኪኒኑ ግን እጥፍ እንደሆነ ቀረ፤ የሚይዘው የለም። አሁን ደሟ ውሃ ሆኗል። ድዷ፣ ነስሩ፣ የበለዘው ገላዋ የዚያ ምልክት ነው። ራስ ምታቱ ደግሞ ያስፈራኛል፣ ከሁሉ በላይ እሱ ያስፈራኛል። በዛብህ የሸጠልዎ ነጭ ኪኒን አስፕሪን ነው። በየሱቁ በቁጥር የሚሸጠው ያ ነው፤ ባለሱቁ ስሙን ላያውቀው ይችላል።

ሆስፒታል ከደረሰች ይህን መድኃኒት የሚመልስ መርፌ አለ። ትድናለች። ብቻ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩት። እለምንዎታለሁ፣ አያሳምሩት።

ኮከብ


ኮልፌ ቀራንዮ
ሰኔ 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለኮከብ ጥሩነህ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሁላችንም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን።

ቴሌግራሙም ደብዳቤውም ደርሶናል። እንዳዘዝሽው ሆስፒታል ሄደን ለሐኪሙ ሁሉን ነግረነዋል፤ መርፌውም ተሰጥቷል። እናትሽ ዕረፍት ላይ ናት። ሐሳብ እንዳይገባሽ። ከእንግዲህ ኪኒን መላክ አያስፈልግም። ፈተናሽን በርትተሽ ተፈተኚ፤ የሁላችንም ምኞት ይኸው ነው።

የሠፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ ወንድይፍራው


ዛግሬብ
ሰኔ 29 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወንድይፍራው፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ይህን ሰላምታ መርጬ ነው የጻፍኩት፤ እርስዎም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ደብዳቤዎን አሥራ አንድ ቀን ይዤው ዞርኩ። መጀመሪያ ትድናለች ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እንደገና አነበብኩት። እማዬ አልሳመችኝም። አልተቆጣችም። ሐኪሙ ምን እንዳለ የለም፤ አሁን ስንት እንደምትወስድ የለም። ኪኒን አያስፈልግም ብለዋል። ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት ለልብ በር የሚሰጥ ነው። ለጊዜው ይቆማል እንጂ አይቀርም። ዕድሜ ልክ የታዘዘ መድኃኒት አያስፈልግም የሚባለው መቼ እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ወጉን አውቀዋለሁ። ትምህርቷን ትጨርስ፣ አገሯ ትግባ፣ አንድ ቀን በማለዳ ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን መርዶ እናረዳታለን ተባብላችኋል። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ነው። ግን እኔ እዚህ የሚያረዳኝ የለም። በማለዳ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ብቻዬን ከወረቀት ላይ ነው የተረዳሁት፤ ለጓደኞቼም በቋንቋቸው ነገርኳቸው፣ ሻይ አፈሉልኝ። ፈተናዬን ተፈትኛለሁ። የደም መድኃኒት ጥያቄ መጣ፤ ሁሉንም በትክክል መለስኩ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መቼ፣ እንዴት፣ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተበላ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይጻፉልኝ። ራፖር አይጻፉልኝ። ምንም ሳይቀንሱ ይጻፉ።

ልጅዎ ኮከብ


ኮልፌ ቀራንዮ
ሐምሌ 22 ቀን 1965 ዓ.ም.

ኮከቤ፤

እግዚአብሔር አንቺንም ያጽናሽ። ከዚህ ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የሰው አቤቱታ ስጽፍ እጄ አይቆምም፤ የራሴን መጻፍ አልቻልኩም።

እናትሽ ያረፈችው ግንቦት 17 ቀን፣ አርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቴሌግራምሽ የደረሰን ሰኞ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ነው። መልእክተኛው ለቅሶ ቤት መሆኑን ሲያይ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። የሚያነብልኝ አልፈለግሁም፤ አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። ይኸው እስካሁን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ራሴን አለች። ከዚያ አስመለሳት። የምትናገረው ተሳሰረብኝ። ባጫ ሮጦ ታክሲ አመጣ። ሆስፒታል ስንደርስ ቆማ መሄድ አትችልም ነበር። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት ከዕረፍት ተመልሷል። ክንዷን ገልጦ አየ፣ ድዷን አየ፣ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረ። መገርሳ «ጾማ ነበር ወይ ነው የሚልዎት» አለኝ። ያን ጊዜ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ የሱቁንም ኪኒን። ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ ነበር። መርፌውን አዘዘ። ጭንቅላቷ ውስጥ ስለፈሰሰ ዘግይቷል አለን። አልነቃችም።

ምን ትበላ ነበር ብለሽ በየካቲት ጠይቀሽኝ ነበር። እነሆ መልሱ። ከየካቲት 26 ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዋዜማ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም ነበር። ከዚያ ጎመን። ጎመን በሽሮ፣ ጎመን በዘይት፣ ዘይት ሲጠፋ ባዶ ጎመን። ጉዲቱ በየቀኑ ታመጣ ነበር እንጂ አንዳንድ ቀን አልነበረም፤ ሳንገዛ የምናገኘው እሱን ብቻ ነው። ሥጋ በየሳምንቱ ይገባል ያልኩሽ ውሸት ነው። የፋሲካውን በግ ከባጫ ጋር ለሁለት ነው የገዛነው። የነፍስ አባቷ በሽተኛ ነሽና አትጹሚ ብለዋት ነበር፤ «አምላኬ ከሞት አስነስቶኝ ጾሙን ልብላበት?» አለቻቸው። ለሐኪሙ ምን እንበለው ስትለኝ «ለእኔ ተይው፣ እኔ አውቅበታለሁ» አልኳት። እሷ መዋሸት አትወድም። መገርሳ ሁለት ጊዜ ነጥሎ ጠይቆኛል። «ጋሼ፣ እኔም የጾመኛ ልጅ ነኝ፣ አልፈርድም፣ ብቻ ይንገሩኝ» ብሎኛል። ምያለሁ ኮከቤ። በመድኃኔዓለም ስም ምያለሁ። እንዳትታከም ይከለክሏታል፣ ኪኒኑን ይነጥቋታል ብዬ ነው። ቢሮ ሁሉ አንድ ይመስለኛል። እውነቱን ተናግሮ ጉዳዩ የቀናለት ሰው በዕድሜዬ ስላላየሁ፣ ሐኪምንም እንደ ዳኛ ቆጠርኩት።

የሰኔውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ ያማከሩኝ እውነት ነው፣ ቃሉን ግን እኔ አሳመርኩት። ዕረፍት ላይ ናት ብዬ ስጽፍ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ካንቺ መልስ በኋላ ፍርድ ቤት በር ላይ አልተቀመጥኩም። ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ላቆም አስቤ ነበር። ይህን አንድ ነገር ይዤብሽ ልሞት ፈልጌ ነበር። ምንም ሳይቀነስ አልሽኝ፤ እኔም ከእንግዲህ እየመረጥኩ መናገር ፈራሁ።

ግንቦት 12 ቀን፣ እሑድ ነበር፣ እናትሽ ኪኒኑን አልወስድም አለች። ከቅዳሴ መጥታ ነጠላዋን እያጣጠፈች «ይሄ ነገር እያፈሰሰኝ ነው፣ ገላዬ እየነገረኝ ነው፣ ተወኝ» አለችኝ። በማግስቱም በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ እምቢ አለች። እኔ ጨነቀኝ፤ ያንቺን ቃል አስቤ የሚያድናት እሱ መሰለኝ። ረቡዕ ጠዋት የሚያዝያውን ደብዳቤሽን አወጣሁና አነበብኩላት። አንድ ቀን ሳይዘለል የሚለውን፣ እኔ እዚህ እተኛለሁ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። ባልዋጠችባቸው ሦስት ቀናት ፈንታ ስድስቱን በአንድ ላይ ሰጠኋት፣ ልኩ እንዳይጎድል ብዬ። «ልጄ ካለችማ» አለችና ዋጠቻቸው።

አጎትሽ ወንድይፍራው